ከመቶ አርባ አንድ

ወረታ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማልረሳህ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? በዚህ ወር እዚያ ጃፓን በረዶው ጉልበት እንደሚደርስ ስለማውቅ ያ የደረት ሳልህ እንዳይነሣብህ እሰጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አባትህና እናትህም በጤና አሉ። ኢንተርኔቱ ከተቋረጠ ሰንብቷል፤ ስልኩም አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ይጠፋል። ስለዚህ ይህን በእጄ ጽፌ፣ ለሕክምና አዲስ አበባ ለሚሄዱ አንድ ቄስ እሰጣለሁ። እሳቸው በፖስታ ይልኩልሃል።

ለምን እንዳልመጣሁ ሳትጠይቅ እንደማትቀር አውቃለሁ። ያገኘህልኝ የዶክትሬት ትምህርት ቦታ ቀኑ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አለፈ። መንገድ ተዘግቶብኝ ነው ብልህ ታምነኝ ነበር፤ ለሳምንታትም በእርግጥ ተዘግቶ ነበር። ምክንያቱ ግን እሱ አይደለም። እውነቱን ከሌላ ሰው እንድትሰማው ስላልፈለግሁ ነው ይህን የምጽፍልህ።

ትዝ ይልሃል፣ ተምረን ስንጨርስ አገራችን ተመልሰን አራት ዓመት ልናገለግል ሁለታችንም ፈርመን ነበር። አንተ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኝተኸኝ “በዓመቱ እከተልሻለሁ” አልኸኝ። እኔ ስለ ዘር የተማርሁትን ሁሉ በአንድ ክረምት ሠርቼ የማሳይ መስሎኝ ወረታ ግብርና ቢሮ ገባሁ። የዘር ማብቀያው ማሽን ከነካርቶኑ ጥግ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። መብራቱ ስለማይረጋ እስከ ዛሬ አልተከፈተም። እንግዳ በመጣ ቁጥር እሱንና እኔን አንድ ላይ ያሳዩናል። “ማሽኑ ይኸውና፤ ጃፓን የተማረችውም ይቺ ናት” ይላሉ። ስብሰባ ላይ የፊት ወንበር ይሰጡኛል እንጂ ተናገሪ የሚለኝ የለም።

በአንተም ተቀይሜ ነበር። አምና ያሳተምኸውን የፎገራ ሜዳ የአፈር ጥናት አየሁት። ያን አፈር እስከ ጭኔ ጭቃ ውስጥ ገብቼ ቆፍሬ የላክሁልህ እኔ ነኝ። እዚህ የሚያነበው ገበሬ የለም። ግን እዚህ ብትሆን ኖሮ ጥናቱም እንደኔ ማሽን ሳይከፈት ይቀር ነበር። እንዲያ እያሰብሁ ቅያሜውንም በቅጡ መያዝ አቃተኝ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ባለፈው ግንቦት አዲስ የሩዝ ዘር መጣ። ቶሎ ስለሚደርስ በእርጥበቱ ላይ ጓያ ለመዝራት ጊዜ ይሰጣል ተባለ። ከየጆንያው እፍኝ እፍኝ አንሥቼ መቶ ፍሬ ቆጠርሁ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አሥር ቀን ጠበቅሁ። የበቀለው አርባ አንድ ብቻ ነበር። ብደግመውም ብሠልሰውም ያው ነው። መጋዘን ውስጥ ሙቀት ገድሎታል። ለኃላፊያችን ለደስታው በጽሑፍ አቀረብሁለት። አነበበና ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ። “የኔ እህት፣ ዘሩ ተከፋፍሏል ተብሎ ወደ ላይ ሪፖርት ሄዷል። አሁን ምን በል ነው የምትዪኝ?” አለኝ። ክፉ ሰው እንዳይመስልህ። እሱም የሚፈራው ሰው አለው። በዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ያንተ ግብዣ እንደደረሰኝ ያስገባሁት የመልቀቂያ ማመልከቻ ሳይፈረም ተቀምጧል።

በሳምንቱ አባትህ ከመንደራችሁ ከቁሐር ሚካኤል መጡ። የደረሳቸውን ዘር በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው አምጥተው፣ ደስታው ባለበት ፊቴ ፈቱት። “ልጄ፣ እነዚህ የሚሉትን ሰምቻለሁ፤ እኔ የማምነው አንቺን ነው። ልዝራው?” አሉኝ።

ደስታው አቀርቅሮ ወረቀት ያገላብጣል። እኔ ማመልከቻዬን አየሁ። ምናልባት የሳቸው ጆንያ ከደህናው ይሆናል፣ ምናልባት አፈራቸው ጥሩ ስለሆነ ይካሣል፣ እያልሁ በልቤ ማመካኛ ፈለግሁ፤ እንደዚያ እንደማይሆን እያወቅሁ። “ይዝሩት አባባ፣ ደህና ነው” አልኋቸው። መርቀውኝ ሄዱ። መልቀቂያዬ በማግስቱ ተፈረመ።

ሐምሌ ላይ ማሳችሁን ሄጄ አየሁት። እዚህም እዚያም ብቅ ያለውን ቡቃያ አረም ቀድሞታል። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ውሃ ሲያለብሰው ያችኑ አጫጭር ቡቃያ ዋጣት። እንደገና እንዳይዘሩ ጊዜው አልፏል። ጎተራችሁ ዘንድሮ ባዶ ነው። የሚበሉት ከአጎትህ ቤት የሚመጣ እህል ነው። ይህን እንዳልነግርህ እናትህ አስምለውኛል፤ ይኸው መሐላውን አፈረስሁት።

ከዚያ ወዲያ ሻንጣዬን ሁለት ጊዜ አሰናድቼ ሁለት ጊዜ ፈታሁት። ብሄድ፣ መሄጃዬ በአባትህ ማሳ የተገዛ ነው። ብቀር፣ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም የማገኛቸው እሳቸውን ነው። ሲያገኙኝ ደግሞ “መቼ ነው መንገድሽ? ለልጄ የምሰድለት በርበሬ አለኝ” ይሉኛል። ቤቴን ቆልፌ የምውልበት ቀን በዛ።

ኅዳር 12 የሚካኤል ዕለት ታቦቱ ከገባ በኋላ ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ስለ ዘሩ ሊነጋገሩ ተቀመጡ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ነበርሁ። አንዱ ወደኔ እያየ “ይቺም ከነሱው ናት፤ ጃፓን ድረስ ተምራ የመጣችው እኛን ልታታልል ነው” አለ። አባትህ ብድግ አሉ። “ተው! ይቺ ልጅ አላወቀችም። ብታውቅማ ለኔ ትነግረኝ ነበር” አሉ።

ስድቡን ችዬ ዝም ልል እችል ነበር፤ የሳቸውን ምስክርነት ግን አልቻልሁም። አብረዋቸው የተቀመጡትን ቄስ አስፈቅጄ ቆምሁ። “አውቅ ነበር” አልሁ። “ከመቶ አርባ አንዱ ብቻ ነው የበቀለው። እኔ በእጄ ቆጥሬዋለሁ። መልቀቂያዬ እንዲፈረምልኝ ብዬ ነው የዋሸኋቸው።”

አባትህ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ዱላቸውን አንሥተው ሄዱ። ምነው በተቆጡኝ!

ወሬው ቢሮ ሲደርስ ደስታው ጠርቶ “መልቀቂያሽ እጅሽ ላይ ነው፤ ሂጂ። እዚህ ብትቀመጪ ግን ዘር አትነኪም” አለኝ። ግምጃ ቤት አዛወረኝ። አሁን የማይሠሩ የውሃ መሳቢያዎችና አሮጌ ወንበሮች እጠብቃለሁ። ግምጃ ቤቱ መስኮት የለውም።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ አባትህና እናትህ ወደ ተከራየኋት ክፍል መጡ። አባትህ ከዘመድ ያገኙትን ነባሩን ዘር በከረጢት ይዘዋል። አልተቀመጡም። “ይኸን ፈትሺልኝ። አሁን ግን ስትቆጥሪ እኔም አብሬሽ እቆጥራለሁ” አሉ። መቶውን ፍሬ አንድ በአንድ ቆጥረን ጨርቁ ላይ ደረደርን። በአሥረኛው ቀን ተመልሰው መጡና አብረን ስንፈታው ዘጠና ሦስቱ በቅሏል። እንደገና ራሳቸው ቆጠሩት። “እሺ” ብለው ብቻ ወጡ። ባዛወሩኝ ሥራ ላይ እያለሁ ይኸው አሁን ሰባት አባወራ ዘሩን አምጥቶልኛል፤ ሰባቱም ቁጭ ብለው ያስቆጥሩኛል። አልጋዬ ሥር ሁሉ እርጥብ ጨርቅ ነው። ደስታው ቢያውቅ ይህንንም ይከለክለኛል። የግብዣህ ቀን ያለፈው አባትህ “እሺ” ብለው በወጡበት ሳምንት ነው።

ይቅር ተብያለሁ አልልህም። አባትህ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ቀን “ልጄ” ብለው አልጠሩኝም። ለኔ ባትመልስልኝም ግድ የለም፤ ለሳቸው ግን ጻፍላቸው። ስላንተ አይጠይቁም፤ ሰው ስላንተ ሲያወራ ግን ሥራቸውን ያቆማሉ።

መጨረሻ ባወራን ጊዜ “ስትመጪ ፊት ለፊት የምነግርሽ ነገር አለኝ” ብለኸኝ ነበር። እናትህ ፍሬ ስንቆጥር ስልካቸውን ከጉያቸው አውጥተው የልጅህን ፎቶ አሳዩኝ። ሁለት ጥርስ አውጥታለች። ግንባሯ ቁርጥ ያንተ ነው። እንግዲህ እንዴት ልንገራት ብለህ አትጨነቅ። ለእናቷም ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የምታውቀኝ ከሆነ።

የቁሐሩ ሚካኤል በክንፉ ይጋርዳችሁ። የሰው አገር ብርድ አይንካችሁ። ሕፃኗን በጤና በሞገስ ያሳድግላችሁ፤ ለአያቶቿ ዐይንም ያብቃት።

እህትህ