ባዶ የተተወልህ ቦታ

ልጄ ማርቆስ፣

ብዕሩን የያዘችው ምህረት ናት። እኔ ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቃለህ፤ አላፍርበትምም። እሷ አድናቂህ ናት። ሶዶ ላይ በተጫወታችሁ ቁጥር ከመድረኩ ሥር ቆማ ጣቶችህን ስታይ የኖረች። የምናገረውን ሳትቀንስ፣ ሳታሳምር ትጽፋለች። በወላይትኛ ብነግርህ ይቀለኝ ነበር። ግን ይህ ደብዳቤ ቅዳሜ ባንዳችሁ የሚጫወትበት አዳራሽ በር ላይ ይለጠፋል፤ የስልጤው ባለሱቅ ልጅም ያንብበው ብዬ በአማርኛ አደረግሁት።

ከተለያየን ሁለት ክረምት አለፈ። ቤቱ ደህና ነው። እናትህን ጉልበቷን ያማታል፣ ምላሷ ግን ደህና ነው፤ ከኔ ጋር መጣላቱን አልተወችም። የጓሮው እንሰት መስኮትህን አልፎ አድጎ ክፍልህን አጨልሞታል። ልቁረጠው ስል ከለከለችኝ። ጊታርህም አንተ በሰቀልክበት ግድግዳ ላይ ነው።

አድናቂዎችህ አልተውህም። ባጃጅ ነጂዎች የጊታሪስቱ አባት እያሉ ከመንገድ ያነሱኛል። ከቢጠና ከተማ ድረስ መጥተው ክፍሉን አሳዩን የሚሉ አሉ። አንዱ ትራስህን አንስቶ ሲያሸት አገኘሁትና አባረርኩት። ደስ አይለኝም ብልህ ግን ውሸት ነው። ሮክ ባንድ ውስጥ ቆሞ በብሉዝ ሰው የሚያስለቅስ ልጅ የወለድኩት እኔ ነኝ። ድራም የምትሉትን ግን ዛሬም አልወደውም፤ ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ ማዝነብ ነው። ይሄንንም ጻፊው ብያታለሁ።

የባንዱ ልጆች ባንተ ቦታ ማንንም አላስገቡም። ዘፈኑ አንተ ብቻህን የምትጫወትበት ጋ ሲደርስ ሁሉም እጃቸውን ያነሳሉ። ዝም። ሕዝቡም አንገቱን ይደፋል። አንተ የምትቆየውን ያህል ይቆዩና ድራሙ ይመለሳል። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን፣ እዚያ ዝምታ ውስጥ ሰማሁህ። እውነቴን ነው። ክሩን ስትስብ፣ ሰው እስኪጨነቅ ዘግይተህ ድምፁ ላይ ስትደርስ ሰማሁህ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነበርክ። ሆስፒታል ተኝተህ ጣቶችህ ብርድ ልብሱ ላይ ሲሄዱ እንኳ ያቺን መዘግየት በዓይኔ አይቻታለሁ። አጠገቤ የቆሙትም ሰምተውህ ያለቅሱ ነበር። ኮርቼ ወጣሁ።

ባለፈው ጊዜ ግን ሌላ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ከዳሞታ ተራራ የወረደው ጉም የአዳራሹን መስኮቶች ሸፍኗቸዋል። እንደተለመደው ዝም ተባለ። ማንም ሳይጫወት የጊታር ድምፅ መጣ። ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበ፤ በሕይወት ሳለ እንኳ እንዲህ ሲጫወት ሰምተነው አናውቅም ተባባሉ። እኔ አላጨበጨብኩም። ምክንያቱም አልዘገየም። ክሩ እንደተሳበ ደረሰ፣ ልክ በቦታው፣ አንዴም ሳይስት። ማርቆስ፣ ያ አንተ አልነበርክም።

ቤት ስደርስ እናትህ ደጅ ቆማለች። ጊታሩ እጅ ሳይነካው ከግድግዳው ላይ ሲጮህ ቆየ አለችኝ። ልጃችን መጣ ብላ የቦዬ ሥር ጥዳልህ ነበር። አጨዋወቱ የሱ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አልዘገየም አለችኝ። ከዚያ ድስቱን ከእሳት አወረደችው።

እኔ በጉብዝናዬ የቀርከሃ ጥሩምባ ነፊ ነበርኩ። አንድ ሰው ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚሆነው ሁላችን በየተራችን ስንነፋ ነው። ከመካከላችን አንዱ ሲሞት ለቅሶው እስኪያበቃ ቦታውን ባዶ እንተውለት ነበር። ለቅሶው ባበቃበት ቀን ግን ጥሩምባው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ትልልቆቹ ምክንያቱን ነግረውናል፤ ብዙ የቆየ ባዶ ቦታ ሟቹን አይጠብቅም፣ የሚያልፍ ሁሉ ይገባበታል ብለው። ያኔ ስቄ ነበር።

ስለዚህ ቦታው ይያዝ ብዬ ለባንዱ ነገርኩ። ጣቶችህን እያየች ጊታር የለመደችው ምህረት ቅዳሜ ባንተ ቦታ ትጫወታለች። አንተን አታክልም፤ ፊት ለፊቷ ነው የምለው። ግን እጇ የሰው እጅ ነው፣ ይሞቃል። አድናቂዎችህ ተቆጡ። ሽማግሌው ልጁን ሁለተኛ ቀበረው አሉ። አንዱማ፣ አንተ ወለድከው እንጂ የኛ ነው ብሎኛል። የናንተ ከሆነ መዘግየቱ ሲጠፋ እንዴት ሳታውቁ አጨበጨባችሁ አልኩት። ፊቱን አዙሮ ሄደ። እሷም አጨብጭባ ነበርና አሁን የምህረት እጅ ቆሟል። ጻፊ እንጂ!

ልጄ፣ እዚያ አዳራሽ ካለህ ቅዳሜ ልቀቅላት። ሂድና እረፍ። አላባረርኩህም፤ አባት ልጁን አያባርርም። እኔ እስክሞት የማስታውስህ እንደነበርክ ነው፤ አንተ እየዘገየህ፣ እኔ ትንፋሼን ይዤ እየጠበቅሁህ። ባዶ ቦታህ ላይ የገባው ያኛው የፈለገውን ያህል አሳምሮ ይጫወት፣ እኔ አላጨበጭብለትም።

በቃ። ምህረት፣ መልሰሽ አንብቢልኝ። የማርቆስን ክፍል በር መጀመሪያ ክፈቺው። ጮክ በይ፤ ልጄ ይስማ። ያኛውም ይስማ።