መቃብር ልትቆፍሪ ነው?

ውድ ፈትለ፣

ከአሜሪካ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ከወንድሜ ከንጉሡ ቤት ነው የምጽፍልሽ። ልጁ ሩሃማ የጥንት እንግሊዞችን ታሪክ ታጠናለች። ትናንት ምሳ ላይ፣ በሐምሌ እንግሊዝ ሄዳ መቃብር እንደምትቆፍር ስትነግረው፣ የጠቀለለውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰና «የሰው ዐፅም ልትነካኪ? ቲኬቱን ካንስል አድርጊው!» ብሎ ጮኸባት። እኛ ሰፈር ቢሆን ጎረቤት ገብቶ ይገላግል ነበር፤ እዚህ ከእኔ በቀር ማንም የለም።

ሩሃማ «አባዬ፣ ቦታው ላይ መንገድ ሊሠራ ነው፤ እኛ ካላወጣናቸው ማሽን ይፈጫቸዋል» አለችና ፎቶ ከፍታ ስልኳን ሰጠችው። ፎቶው ላይ አምና የተገኘች፣ ከሺህ ሦስት መቶ ዓመት በፊት የሞተች ወጣት ሴት ዐፅም ይታያል። ደረቷ ላይ ትንሽ የወርቅ መስቀል አለ።

«ክርስቲያን ነበረች?» አላት።

«አዎ። ሕዝቡ ገና ክርስትናን ሲቀበል ነው የሞተችው። አጠገቧ የተቀበሩት ገና አልወጡም።»

«ስሟስ?»

«አይታወቅም፣ አባዬ።»

ፎቶውን ብዙ አየው። በመጨረሻ «ስታነሷቸው ቀስ በሉ። አንቺም ጸልዪላቸው» ብሎ ስልኩን በሁለት እጁ መለሰላት።

የምጽፍበት ፖስትካርድ ሞላ። የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም አገላብጠሽ ሳሚልኝ።

ተናኘ