የዳማ ውርንጭላ

ማክሰኞ፣ ማርች 17። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል።

ዳማን ቦረሽኩ። ኮቴዋን አጸዳሁ። ጋሽ ደምሴ፣ የባሌ ታላቅ ወንድም፣ አጥሩን ተደግፎ ይተቻል። መሬቱ የእሱ፣ ፈረሷ የእኔ። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እዚህ ማስታወሻዬ ላይ ግን እሱ ነው። ዳማ አጭር ናት ይላል። ፖኒ፣ የአጭር ፈረስ ዘር፣ መሆኗን ስንቴ ልንገረው! የልጅ እግር የሚያቅፈው ጠባብ ደረት፣ የማያንገላታ እርምጃ፣ ገራም ጠባይ። የማረባው ይሄንን ነው። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ የዌልሽ ፖኒ ድንጉላ ዘንድ እወስዳታለሁ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከዚህ በኋላ መውለዷን እንጃ።

ከነገ ጀምሮ ሆስፒታል ሳምንቱን ሙሉ ደብል ሽፍት እሠራለሁ። መኖ እሱ ይሰጣታል። ወይ ጉዴ።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 17።

የእንስሳት ሐኪሟ ከጉዞው በፊት አልትራሳውንድ አደረገቻት። አርግዛለች! ሃያ ሰባት ቀን ገደማ። ከማን? ግቢው ውስጥ ድንጉላ የለም።

ከሰዓት።

ጋሽ ደምሴ አመነ። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ የጎረቤቱን አህያ፣ ያንን ፍየሎቹን ከአውሬ የሚጠብቅ ወንዴ፣ አስገብቶባታል። ሳቅ እያለ፦ «ፖኒማ የልጅ መጫወቻ ነው። ሰው የሚከበረው በበቅሎ ነው፤ ሰርፕራይዝ ላደርግሽ ብዬ ነው እንጂ!» ውርንጭላው አድጎ ሲደርስ ለጥምቀት በቅሎ እንደሚኖረው ቤተክርስቲያን ሁሉ አውርቷል። የማትወልድ በቅሎ! የዳማ ዘር እዚያው ሊያበቃ።

ባሌም ሰምቶ ሳቀ። ዘር ከልጓም ይስባል።

ቅዳሜ።

ስልኩን አላነሳሁም። ጋሽ ደምሴ አራት ጊዜ ደወለ። ተናድጄ አልበላሁም።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 20።

ሐኪሟ በግልጽ ነገረችኝ። ሠላሳ አምስተኛው ቀን ሳይሞላ ጽንሱ በመርፌ ይወርዳል፤ ያኔ ዘንድሮ እንደገና ልትይዝ ትችላለች። ላትይዝም ትችላለች። ካለፈ ግን ዓመቱ ሄደ። ልቡን ስክሪኑ ላይ አሳየችኝ፣ ብልጭ ብልጭ። አንጀቴን በላኝ፤ አልዋሽም። ውርንጭላው ምን በደለ?

ቤት ስገባ ጋሽ ደምሴ ሳሎን ተቀምጧል። ለበቅሎው ከአዲስ አበባ ኮርቻ ሊያስመጣ ነው፤ ቀይ ይሁን አረንጓዴ ብሎ አማከረኝ። ስለ ዳማ አንድ ቃል አልጠየቀም።

ቀይ ያምርብዎታል አልኩት።

መርፌው ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ሳይጠይቀኝ ጀመረው፣ ሳልጠይቀው እጨርሰዋለሁ።