አራት ጣት የጎደለው ገንዳ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ ለቶይቮ ላህቲ፤

እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ እንዴት ሆነልህ? ቅዝቃዜው ሲጀምር እንደ አምናው ደረጃ መውጣት ከለከለህ ወይስ ዘንድሮ ተወት አደረገህ? እማዬስ የእጇ ጣቶች ተሻሏት? አያቴ ሂልማ አሁንም ሬዲዮኑን ጎረቤት እስኪሰማ ከፍታ ነው የምታዳምጠው? ወንድሜ ሮይ ትምህርቱን ይዟል? ማገዶውስ በረዶው ሳይቀድማችሁ ተከምሮ አለቀ? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጠዋት ጠዋት እዋኛለሁ። ሌላው ሌላው ግን ደህና አይደለም፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

በዚህ ሳምንት ሦስት ጊዜ ደውዬልህ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ጣሪያውና ስለ በረዶው አውርተን ዘጋን። የደወልኩት ስለ ጣሪያው አልነበረም። ድምፅህን ስሰማ ምላሴ ይተሳሰራል። በወረቀት ላይ ፊትህን ስለማላይ እደፍር ይሆናል ብዬ ነው። እማዬ «ምን አለች? ምን አለች?» እያለች ትከሻህ ላይ እንደምትቆም አውቃለሁና እባክህ ደብዳቤዬን ይዘህ ወደ ጋራዥህ ውጣና ብቻህን አንብበው። ከዚያ በኋላ ለማን እንደምትነግር አንተ ታውቃለህ።

አሠልጣኛችን ወይዘሮ ሃጋን ቢሮዋ ውስጥ አንድ ሰሌዳ አላት። በየዓመቱ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር፣ ለሚቀጥለው ዓመት ቡድኑ ውስጥ ልታስገባቸው የምታስባቸውን ልጆች ስም በካርቶን ቁራጭ ላይ እየጻፈች፣ ከስማቸው አጠገብ ሰዓታቸውን አድርጋ ትሰቅላለች። አንዷን ወደ ላይ ታወጣለች፣ ሌላዋን ታወርዳለች። እኛ አንጋፋዎቹ በዚያ ስናልፍ ሰርቀን ማየት ልማዳችን ነው። ዘንድሮ ለረጅሙ ዋና፣ ለዚያ ከግድግዳ ግድግዳ ስልሳ ስድስት ጊዜ ለሚኬደው፣ የቀረው ቦታ አንድ ብቻ ነው። ላዩ ላይ የማን ስም እንዳለ ታውቃለህ፤ ሰዓቱን ይዘህ ያዋኘሃት አንተው ነህ። ትሩዲ ማኪ፣ አሥራ ሰባት ደቂቃ ከአራት ሰከንድ። ከሥሯ የቶሊዶዋ ዳና ፕሪዊት አለች፣ አሥራ ሰባት ከስድስት።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ሁለቱም ምልምሎች ትምህርት ቤቱንና ቡድኑን ሊያዩ መጡና እኔ ዶርም ወለል ላይ ሁለት ሌሊት አደሩ። ትሩዲን ታውቃታለህ፣ እሳት የላሰች ናት፤ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ እናቷ የጋገረችውን ሥጋና ድንች የተጠቀለለበት ሊጥ ከጋዜጣ ፈታ አውጥታ «እናቴ የሰው ሀገር ምግብ ያሰንፋል፣ ሬናንም ያሰነፋት እሱ ነው ብላለች፤ በይ ብዪ» አለችኝ። ዳና አንዱን ገምጣ ዓይኗ ፈጠጠ። «ይሄን እየበላሽ ነው እንዴ የምትፈጥኚው? አንቺ አውሬ! ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለት ሰከንድ ስፈልግ ኖሬያለሁ፣ የት ነው የደበቅሽብኝ?» አለቻት። ትሩዲም እየሳቀች «ሚስተር ላህቲ ግድግዳ ሥር ነዋ! የሱ ግድግዳ እኮ ዋናተኛ ይጠራል» ብላ መለሰችላት። ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። እኔ ፊቴ ፍም ሲመስል ተሰማኝና ውኃ ልቅዳ ብዬ ወጣሁ።

አባዬ፣ ያን ግድግዳ ስትሠራ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ማዕድኑ ተዘግቶ ሥራ ባጣህበት ክረምት፣ ውርጩ የከተማችንን ገንዳ በጥልቁ በኩል ያለውን ግድግዳ ሰነጠቀው። ከተማው ገንዘብ የለም፣ ይዘጋ አለ። አንተ «ታዲያ ልጆቹ የት ይዋኙ? ሐይቁ ውስጥ ይስመጡ?» ብለህ አሥራ አንድ ቅዳሜና እሑድ ሳንቲም ሳትቀበል ሠራህ። አሮጌው ከፈረሰ ገንዳው አብሮ ይሄዳል ብለህ በላዩ ላይ ሲሚንቶ ለሰንክበት፤ በልስኑ ላይ ሰማያዊውን ሴራሚክ ደረደርክ። እኔ በባልዲ እያጠብኩ አቀብልህ ነበር። ሲያልቅ ስምህን በናስ ቀርጸው ሰቀሉልህ። ከዚያማ ክብረ ወሰኑ እንደ ጉድ ይሰበር ጀመር! በአንድ ክረምት አሥራ አራት! ዳቦ ቤቱ ኬክ ላከ፣ ፓስተሩ በስብከቱ አነሳን። ማንም ሜትር ይዞ ገንዳው ውስጥ አልገባም። ደስታ ላይ ማን ሜትር ይዘረጋል?

እኔም ከዚያ ገንዳ ባገኘሁት አሥራ ሰባት ከዘጠኝ ተመልምዬ እዚህ መጣሁ። ረጅሙን ዋና ሌላ ቦታ ዋኝቼው አላውቅም ነበር፤ በክረምት መንገዱ ተዘግቶ ማን የት ይሄዳል። እዚህ በመጀመሪያው ዓመት አሥራ ሰባት ከአሥራ ስምንት ወጣኝ። ልጆቹ «እናንተ ሀገር ደቂቃው ስንት ሰከንድ ነው?» ይሉኝ ነበር። ስሜ «የገጠር ሰዓት» ሆነ። ሦስት ዓመት ለፍቼ፣ ትከሻዬ በበረዶ ከረጢት እየታሠረ፣ ከአሥራ ሰባት ከአሥራ ሁለት መውረድ አቃተኝ። የአምናው የገና ዕለት ሳውና ውስጥ ቁጭ ብለን ያልከኝን ረስተኸው ይሆናል። «ሰውነትሽ እዚያ አለ ሬና፣ ልብሽ ግን የለም» አልከኝ። እኔ አልረሳሁትም። እውነት መስሎኝ ነበርና ለብቻዬ አለቀስኩ።

ባለፈው ሐምሌ እቤት ሳለሁ ጀማሪዎቹን ሕፃናት ካስተማርኩ በኋላ ጥቂት ልዋኝ ገባሁ። ያን ጊዜ ነው ግድግዳው የቀደመኝ። ልዞር ስል ከለመድኩት ቀድሞ ደረሰ። አንዴ ቢሆን ተሳስቼ ነው እል ነበር፤ ግን ደጋግሞ ደረሰብኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ሲወጣ ከመሣሪያ ሣጥንህ የብረት ሜትርህን አውጥቼ፣ አንዱን ጫፍ በጡብ አስይዤ ለካሁ። አላመንኩም፤ ደገምኩ፣ ሠለስኩ። አራት ጣት ይጎድላል አባዬ። አራት ጣት ምን አላት ትል ይሆናል። ስልሳ ስድስት ጊዜ ሲኬድበት ግን የፒክአፕህን ርዝመት ያህል ነው። እኛ ያን ያህል ሳንዋኝ ነው «ጨረስን» እያልን እጃችንን ስናነሳ የኖርነው። በሰዓት ሦስት ሰከንድ ይሆናል።

መጀመሪያ ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ደስ አለኝ። ሰነፍ አልነበርኩም፣ ልቤም ነበረበት ብዬ ባዶው ገንዳ ውስጥ ጮኼ ሳቅሁ። ከዚያ ቀና ስል ናሱን አየሁ፣ ስምህን። ሜትሩን ጠቅልዬ ወደ ሣጥኑ መለስኩና ለምሳ መጣሁ። «ሜትሩን ለምን ፈለግሽው?» ስትለኝ «ለክፍሌ መጋረጃ» አልኩህ። በማግስቱ ስነቃ መሰላል ይዘህ፣ በዚያ ጉልበትህ፣ መስኮቴ ላይ የመጋረጃ እንጨት ስትሰቅልልኝ አገኘሁህ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። አመሰገንኩህና ዝም አልኩ።

ልጆቹ በሄዱ ማግስት፣ ሰኞ ዕለት፣ አሠልጣኟ ጠራችኝ። የትሩዲን ካርቶን በእጇ ይዛለች። «አንቺ ከዚያ ገንዳ ነሽ። አንቺም ስትመጪ የያዝሽው ሰዓት እዚህ አልተደገመም። እስቲ ንገሪኝ፣ ገንዳው ልክ ነው?» አለችኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ገንዳው ልክ ነው ኮች፤ ልክ ያልሆንኩት እኔ ነኝ» አልኳት። ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ «በራስሽ ላይ አትክፊ» አለችና ካርቶኑን ላዩ ላይ ሰካችው። ለትሩዲ ስል ነው፣ እናቷ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ቆማ ብቻዋን ያሳደገቻት ልጅ ናት ስል ለራሴ ነገርኩት። ለአባቴ ስም ስል ነው አልኩ። ሁለቱም ውሸት ባይሆኑም ዋናው ሌላ ነው፤ እዚያ ገንዳችን መግቢያ ባለው የክብረ ወሰን ሰሌዳ ላይ የተጻፈው የእኔ ስም እንዲወርድ አልፈለግኩም።

አሥር ቀን እንደዚህ ኖርኩ። ረቡዕ ዕለት ከዳና ካርድ መጣልኝ። «ቦታው ለማንም ይሁን፣ አንድ ያለሽን ትራስ ለእኔ ሰጥተሽ በቦርሳሽ ላይ ስለተኛሽ አመሰግናለሁ» ይላል። ሌላ ነገር አልጻፈችም። ያቺ ልጅ የምትፈልጋቸው ሁለት ሰከንዶች የት እንዳሉ የማውቅ እኔ ነኝ፤ የሰጠኋት ግን ትራስ ነው።

ሐሙስ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት። መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አለችኝ። ከሐምሌ አልኳት። «እና ሰኞ ዕለት እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ብትጮህብኝ ይሻል ነበር። ከዚያ «በአንቺ ጊዜ ሁለት ቦታ ነበረኝ። በአሥራ ሰባት ከአሥራ ሁለትም ትገቢ ነበር» አለች። ልሳቅ ላልቅስ አላወቅኩም። ትሩዲስ አልኳት። «የትሩዲ ሌላ ነው። ቦታው አንድ ነው፤ የምትዪው እውነት ከሆነ ዳና ትቀድማታለች። በጸደይ ሌላ ቦታ ከተገኘ አያታለሁ፣ ቃል ግን አልገባልሽም» አለችኝ። ሁለቱንም ካርቶኖች አውርዳ መሳቢያ ውስጥ ከተተቻቸው።

ምልምሎቹ ከትምህርት ቤቱ ጋር ውል የሚፈርሙት ኖቬምበር አሥራ ሦስት ረቡዕ ነው። ከዚያ በፊት ገንዳው ተለክቶ የተፈረመ ወረቀት ትፈልጋለች። ከክፍለ ሀገሩ ሰው ልላክ ወይስ ገንዳውን የሚጠብቀው ሰው ይለካ አለችኝ። ቁልፉ በአንተ እጅ መሆኑን ነገርኳትና አንተ እንድትሆን ለመንኳት። የማያውቅህ ሰው መጥቶ፣ ባርኔጣውን ሳያወልቅ፣ ሴራሚክህን በጣቱ እየነካካ ራሱን ሲነቀንቅ እንዲታይ አልፈለግኩም። ግን ደግሞ አባትን በገዛ ሥራው ላይ እንዲፈርም መለመን ምን ዓይነት ልጅነት እንደሆነ እኔም አላውቅም። ወረቀቱ ፖስታው ውስጥ አለ።

በደል ሠራህ እያልኩህ እንዳይመስልህ። ያ ግድግዳ ባይኖር ገንዳው ተዘግቶ ነበር፤ ሮይም፣ እኔም፣ የሰፈሩ ልጅ ግማሹም ዋና ባልቻልን ነበር። አንተ ሳታውቅ ነው የሠራኸው። አውቄ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን እንዳይነጋ በሩን ይዤ ቆሜ ነበር። ትሩዲ በዚያ ገንዳ ሰዓት ተመልምላ እዚህ ብትመጣ እኔ ያየሁትን ነው የምታየው፤ ደርሳበት የማታውቀውን ሰዓት ስታሳድድ፣ ሰነፍሽ እየተባለች፣ እሷም ይህንኑ እያመነች። ያን ግን አንድ ሰው ሊነግራት ይችል ነበር። ያ ሰው ወለሉ ላይ አጠገቧ ተኝቶ ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንህ። እኔ ጫፉን በጡብ አስይዤ ብቻዬን ለካሁ፤ አንተ ብቻህን አትለካ። ትሩዲን ጥራትና የሜትሩን ሌላኛውን ጫፍ እሷ ትያዝልህ። ቁጥሩን በራሷ ዓይን ታንብበው። ከመቼ ጀምሮ እንደማውቅም ንገራት፣ አትደብቅልኝ። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ እደውልላታለሁ፤ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ብትዘጋው ይገባኛል።

እማዬን እጇን ሳምልኝ፣ የሱፍ ካልሲው ደርሶኛል በልልኝ። አያቴ ሂልማ ሬዲዮኑን ዝቅ እንዳታደርግ፣ የእሷን ጩኸት ናፍቄአለሁ። ለሮይ የመቶው ዋና ክብረ ወሰኑም እንደማይጸና አንተ ንገረው፤ ይናደዳል፣ በር ይደበድባል፣ ከዚያ ተመልሶ ይዋኛል። ለትሩዲ እናት ሰላምታ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ጀመርኩና እጄ እምቢ አለኝ፤ እሷንም እንደ ሌሎቹ ሰላም በልልኝ ማለት አልቻልኩም።

መጋረጃ አላስፈለገኝም ነበር አባዬ። ይህን ካወቅህ በኋላም እንጨቱን አትንቀለው፤ ለገና ስመጣ ተሰቅሎ ካገኘሁት እቤት መግባት እንደምችል አውቃለሁ።

ልጅህ ሬና
ዌስትብሪጅ፣ ኦሃዮ
እሑድ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1996