ቤት አልመታ ስላለው ግጥምዎ

ለክቡር ጓድ አስናቀ፣
የባሕር ዳር የንባብና የኪነት ጉዳይ ኃላፊ ለነበሩት፣
ባሉበት።

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እንቅልፍዎስ? እኛ የጣና ዳር ሰዎች እግዜር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ እርስዎ አሽገውት በነበረው የመጽሐፍ ቤታችን በር ላይ የለጠፍሁት አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሰላምታዬን እንዲያደርስልዎ ብዬ ነው።

አንደኛው ምስጋናዬ ስለ መስኮታችን ነው። ባለቤቴ ዳኘው በጀልባ ማረፊያው አጠገብ በከፈተው መጽሐፍ ቤት የደሴቶቹ መሪጌቶች፣ የፋብሪካ ሠራተኞችና የኮሌጅ መምህራን አንድ አግዳሚ ላይ ተፋፍገው ያነቡ፣ ባነበቡትም ይከራከሩ ነበር። መግዛት ያልቻለም ቆሞ አንብቦ ይሄዳል። እርስዎ ግን ሕዝቡ በብዙ መጽሐፍ እንዳይደክም አስበው፣ መስኮቱ ላይ የራስዎ የግጥም መድበል ብቻ እንዲደረደር አዘዙ። ዳኘው ገለጥ አድርጎ አነበበ፦

«ትራክተሩ መጣ እያለ ድም ድም፣
ገበሬው ደስ ብሎት ሄደ ወደ እርሻ።»

«ጓድ፣ ይህ እኮ ቤት አይመታም» አለዎ።

«አንተ እስር ቤት ስትገባ ይመታል» አሉት። በዕድሜዎ ከአፍዎ የወጣ ብቸኛ ቅኔ ይኸው ይመስለኛል።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ቃል አክባሪነትዎ ነው። እንዳሉትም አሰሩት። መጻሕፍቱን ጣሪያው በሚያፈስ መጋዘን አስጣሏቸው፤ ክረምቱ አነበባቸው። ዳኘው ከጨለማ ክፍል ሲወጣ ፊቴን በእጁ ዳብሶ «የሺመቤት ነሽ?» አለኝ። ያን ቀን አላለቀስሁም፤ ስለ እርስዎ ማሰብ ጀመርሁ።

በግዴታ የታደለውን መድበልዎን ከየቤቱ ለመንሁ፤ ሁሉም ደስ ብሎት ሰጠኝ። ለቆሎ ሻጯ ለአገርነሽ መጠቅለያ አደረግሁላት። ከቁንዝላ በጀልባ የሚመጣው መንገደኛ ሁሉ ቆሎውን እየቆረጠመ ግጥምዎን ጮክ ብሎ ያነብና በሳቅ ይፈርስ ጀመር። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ በመጡ እንግዶች ፊት እርስዎ ቆመው «ትራክተሩ መጣ» ሲሉ፣ አዳራሹ በአንድ ድምፅ «እያለ ድም ድም!» ብሎ ወለሉን በእግሩ ደበደበው። እንግዶቹም ሳቁ። ብዙም ሳይቆይ ከሥልጣንዎ ተነሡ። እኔ ከኋላ ወንበር ነበርሁ፤ እጄ እስኪቀላ አጨበጨብሁልዎ።

ዘንድሮ ነገሩ ላላ ሲል እሽጉን ሰበርን። ሰው በጎተራና በአልጋ ሥር የደበቀውን መጽሐፍ እያመጣ መደርደሪያውን ሞላልን። መጽሐፍ ቤት የሌለው ከተማ እርስዎን ባለቅኔ ብሎ እንደሚሾም አይተናልና ሁለተኛ ያለ መጽሐፍ ቤት መኖር አንደፍርም።

ውለታዎን የማትረሳ፣ እርስዎም እንዲረሱት የማትፈቅድ፣
የሺመቤት፣ የዳኘው ባለቤት
ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ ፲፱፻፹፪ ዓ.ም.

ሳልዘነጋው፦ ኮሌጅ የምትማረው ልጅዎ የብርጓል ዘወትር ከሰዓት በኋላ እዚህ እየመጣች ለዳኘው ታነብለታለች። ድምፅዋን ይወደዋል። «ጋሼ፣ ዓይንዎ በምን ጠፋ?» ብላ ስትጠይቀው፣ «በዕድሜ ነው ልጄ» ይላታል። እሱ ደግ ሰው ነው፤ እኔ አይደለሁም። ነገ ስትመጣ በሩ ላይ ቆማ ይህን ታነበዋለች።