ከአሶሳ ስለሄደው ፀጉርና ስላልመጣው መልስ

ይድረስ ለክቡር ዋና አዘጋጅ፤
በባለሙያዎች እየተገመገመ ለብዙ ዘመን ሳይቋረጥ ለሚታተመው የሕክምና ጥናት መጽሔት፤
አዲስ አበባ።

ክቡርነትዎ ከመላ ቤተሰብዎና ከገምጋሚዎችዎ ጋር እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ የተሟላ እንዲሆን አላህን እለምናለሁ። የእኛን ጤና በተመለከተ ከእኛ ይልቅ እርስዎ የተሻለ መረጃ ስላለዎት ደህና ነን ብዬ አልዋሽዎትም።

ሙንታሲር እባላለሁ፤ ከኩርሙክ በኩል የሚመጣ ወርቅ የምገዛ ነጋዴ ነኝ። በሰፈራችን ወርቁን ከአፈር ለመልቀም ከሚቀላቀልበት ሜርኩሪ የሚለዩት ሴቶች ናቸው፤ በማድ ቤት ምድጃ ላይ ያነዱታል። ጎረቤት የወርቁን መጠን እንዳያይ በርና መስኮት ይዘጋል፤ እንፋሎቱም አብሮ ይዘጋል። ባለቤቴ ዐፊፋ በዚህ ሥራ ኖራለች።

ካቻምና ተመራማሪዎች መጥተው ፀጉርና ሽንት ስጡን፣ ውጤቱን እንነግራችኋለን አሉ። ሴቶቹ ፀጉራቸውን ለማያውቁት ሰው መስጠት ስለፈሩ ቤት ለቤት ዞሬ ያግባባሁት እኔ ነኝ። ጥናቱ አምና በመጽሔትዎ ወጣ። መውጣቱን የሰማሁት ግን ባለፈው ሳምንት፣ በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ደንበኛዬ አምባው ከስልኩ እያነበበ ሲተረጉምልኝ ነው። በሴቶቻችን አካል ውስጥ ያለው ሜርኩሪ እጅ እስከ ማንቀጥቀጥ የሚያደርስ አደገኛ መጠን ላይ ደርሷል፣ ዋናው ምክንያትም በዝግ ቤት ማንደድ ነው ይላል። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ጽሑፉ በሚገባ ተመርምሮ መታተሙን ሰምቻለሁ፤ ይህን የምር አከብራለሁ፤ እኔም ወርቅ ሳልፈትን አልገዛም። ልዩነታችን አንድ ብቻ ነው፦ እኔ ፈትኜ ስጨርስ ውጤቱን ለባለወርቁ እነግራለሁ።

2. በእንግሊዝኛ በመጻፉ ዓለም ሁሉ ስለ እኛ ማወቅ ችሏል፤ የቀረነው እኛ ብቻ ነን። በማጠቃለያው ለማኅበረሰቡ ግንዛቤ መፍጠር እንደሚያስፈልግ ተመክሯል። መልካም ምክር ነው፤ ማኅበረሰቡ የሰማው ዕለት ደስ ይለዋል።

3. ጎረቤታችን ኸድራ በሱቄ ባለፈች ቁጥር «አንተ ሙንታሲር፣ ሽንታችን እስካሁን አዲስ አበባ አልደረሰም እንዴ? በእግሩ ነው የሄደው?» ትለኛለች፤ ሰው ይስቃል። መድረሱን ብቻ ሳይሆን መታተሙንም ላበስራት ስሄድ በሯ ተዘግቶ አገኘሁት። እያነደደች ነበር። አንኳኩቼ አስከፈትኳት።

4. ዐፊፋ ሻይ ስትቀዳ ማንቆርቆሪያውና ብርጭቆው ይጋጫሉ። ጥናቱ ከወጣ በኋላም እስካለፈው ሳምንት ድረስ በዝግ ቤት ስታነድ ነበር። በሰንጠረዡ ካሉት ቁጥሮች አንዷ እሷ ናት፤ የትኛዋ እንደሆነች ግን በምስጢር ተይዟል። ምስጢሯን ከራሷ ስለጠበቁላት ውለታዎ አይረሳኝም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ተመራማሪዎቹ የእያንዳንዷን ውጤት ለራሷ እንዲልኩ ይጻፉላቸው፤ ሐኪሙ ምን ይዞ ያክማት? በዝግ ቤት አታንዱ የሚለውም በአማርኛና በበርታ ቋንቋ በአንድ ገጽ ተጽፎ ይላክልን፤ በገበያና በመስጊድ ማስነበቡን ለእኔ ይተዉት። ወደፊትም ከሰው አካል በተወሰደ ነገር የተሠራ ጥናት ሲቀርብልዎ፣ ለሰጪዎቹ ተነግሯቸዋል ወይ ብለው ይጠይቁ። ይህን ለመጠየቅ ሌላ ጥናት አያስፈልግም።

የመጽሔትዎን ረጅም ዕድሜ በአንባቢነት ሳይሆን በናሙናነት የሚያውቅ፣ ለተጨማሪ ዘመናት ያለ ሕመም እንዲታተም የሚመኝ፣
አክባሪዎ ሙንታሲር፣ ከአሶሳ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ያልተገመገመ ጽሑፍ እንደማይቀበሉ ስለተነገረኝ ይህን ደብዳቤ በሙያው ለቆዩ ሁለት ሴቶች አስገምግሜያለሁ። ኸድራ ስድብ ያንሰዋል ብላለች። ዐፊፋ ደግሞ ምስጋናው በሙሉ ይውጣ ብላ በገዛ እጇ ልትሰርዘው እስክሪብቶ አነሳች፤ እጇ መስመሩ ላይ አልረጋ ስላላት ምስጋናው እንዳለ ደርሶዎታል።