ወደ ግራ የተጠመዘዘው ሽቦ

ውድ እማዬ፣

ኮንትራክተሩ «ይሄ የማን ሥራ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መሰላሉ ላይ እንደቆምሽ ቁልቁል አየሽኝና «የልጄ ነው» አልሽ።

የክሊኒኩ ርክክብ ቀን ነበር። ሦስተኛው ፎቅ ኮሪደር ላይ ባለቤቱ፣ ፎርማኑና ቀለም ቀቢዎቹ ሳይቀሩ ቆመው ያዩናል። መብራት በተበራ ቁጥር ብሬከሩ ቀጭ ብሎ እየወረደ ኤሌክትሪኩን አራት ጊዜ አቋርጦ፣ አንቺ ኮርኒሱ ላይ ያለውን የሽቦ መገናኛ ሳጥን ከፍተሽ ነበር። «ይህ የልጄ ሥራ ነው» ብለሽ ሰው ፊት እንድትኮሪብኝ ስንት ዓመት እንደጠበቅኩ አታውቂም። ስትዪው ደግሞ ያልሠራሁትን ሰጠሽኝ።

ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ሁለታችንም እናውቃለን። ለየብቻ መሄድ የነበረባቸው የሁለት ክፍሎች የመመለሻ ሽቦዎች አንድ ላይ ተጠምዝዘዋል። ምንም ሳይበራ ሲፈተሽ ዝም ይላል፤ መብራት ሲበራ ግን አንዱ ክፍል የላከው በሌላው መንገድ ይመለሳል፤ ብሬከሩም ይወርዳል። የጀማሪ ስህተት ነው። አጠማዘዙ ደግሞ ወደ ግራ ነበር። እማዬ፣ አንቺም እኔም የምንጠመዝዘው ወደ ቀኝ ነው፤ ሦስት ዙር፣ ጫፉን እጥፍ፣ ከላዩ ናስትሮ። በዚያ ሕንፃ ላይ ወደ ግራ የሚጠመዝዝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሠራተኛው ሁሉ «ግራኟ» የሚላት፣ ከመሰላልሽ ሥር የማትጠፋው ረዳትሽ።

እኔ ወደ ቀኝ መጠምዘዝን ማንም አላስተማረኝም። ልጅ ሆኜ፣ ቅንድብሽ ላይ የልስን አቧራ እንዳለ ወደ ቤት ስትገቢ፣ ፒንሳሽን ከቦርሳሽ አወጣ ነበር። እጄን መታ ታደርጊኝና «ይሄ እጅ ለብዕር ነው፤ አስቀምጪ!» ትዪኛለሽ። አስቀመጥኩ፤ ተማርኩ። ግን ቁራጭ ሽቦ ከኪስሽ እየሰረቅኩ፣ ጠረጴዛ ሥር ተደብቄ፣ ጣቶችሽ ሲሠሩ ያየሁትን እየደገምኩ ነው ያደግኩት። በኤሌክትሪክ ምህንድስና ስመረቅ ሌላ ቦታ ሥራ አልፈለግኩም። አንቺ ያለሽበት ሳይት መጣሁ።

ስደርስ ቦታዬ ተይዟል።

ግራኟ ሲሚንቶ ተሸካሚ ሆና ገብታ፣ አንቺ ነሽ ያነሳሻት። ይህን አልነቅፍም። ግን በመጀመሪያው ሳምንት የሕንፃውን የኤሌክትሪክ ስዕል ይዤ በር ላይ እንደቆምኩ ያየሁትን ልንገርሽ። መዳቡ ሳይጫር የሽቦው ጎማ እንዴት እንደሚላጥ ስታሳዪያት፣ እጅሽን እጇ ላይ አድርገሽ ነበር። «ቀስ... ቀስ... ቢላው ራሱ ይነግርሻል» ያልሽበት ድምፅ፣ እኔ ትኩሳት ሲይዘኝ ብቻ የሰማሁት ድምፅ ነው። እኔ ስመጣ ግን «ስዕሉ ምን ይላል?» ብቻ። አንድ ቀን ሽቦው ቱቦ ውስጥ ተጣብቆ እምቢ ሲል፣ ፎርማኑ «ዲግሪ! እስቲ በእንግሊዝኛ ለምኚው፤ የአማርኛ ልመና ሰልችቶታል!» አለኝ። ሁሉም ሳቀ። የእነሱን ሳቅ እችለው ነበር። አንቺም ሳቅሽ።

ቀናሁ፣ እማዬ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን ቀናሁ። ከውሃ መያዣሽ ስታጠጪያት ቀናሁ። ያንን አሮጌ ፒንሳሽን፣ እጀታው በናስትሮ የተጠቀለለውን፣ ስነካው እጄን የምትመቺበትን ፒንሳ፣ በወገቧ ሰክታው ሳይ ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

አሁን ደግሞ የደበቅኩሽን ስሚ። ርክክቡ ሦስት ቀን ሲቀረው ያንን ሳጥን ከፍቼ አይቼዋለሁ። ስህተቱን አየሁ፤ የማን እጅ እንደሆነም አወቅኩ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነበር። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩና ወረድኩ። ሰው ሁሉ ፊት እንድትዋረድ ፈለግኩ። አንቺም ሥራዋን አይተሽ «ምነው በእሷ ፈንታ ልጄን ባስተማርኩ» እንድትዪ ፈለግኩ።

አልሆነም። መሰላሉ ላይ ሆነሽ ሽቦውን በጣትሽ ዳሰስ አደረግሽው። ማወቅሽን ከትከሻሽ አየሁ። ግራኟ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። መጀመሪያ እሷን አየሽ፤ ቀጥሎ እኔን።

«እኔስ ድሮም!» አለ ኮንትራክተሩ። «ወረቀት ሽቦ አይቀጥልም።»

ወርደሽ «ውጪና አስተካክዪው» አልሽኝ። ወጣሁ። የእሷን ጥምዝዝ ፈታሁ፤ ሽቦዎቹን ለያይቼ በየቦታቸው ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩ። መብራቱ በራ፤ ብሬከሩ አልወረደም። ሁሉም የራሴን ጥፋት ሳስተካክል ያዩኝ መሰላቸው። ኮንትራክተሩ «ከነገ ጀምሮ ሳይት ላይ እንዳላይሽ» ሲለኝ አንቺ የመሳሪያ ቦርሳሽን እየዘጋሽ ነበር።

ደረጃው ላይ ደረስኩብሽ።

«እማዬ፣ ታውቂያለሽ እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«እሷን ቢያባርሯት የት ትገባለች? አንቺ ወረቀት አለሽ። እኔም አለሁልሽ። አንቺ ትችይዋለሽ፣ የኔ ልጅ።»

አለሁልሽ ባልሽኝ በሳምንቱ እሷን ይዘሽ ሌላ ከተማ፣ የዚያው ኮንትራክተር አዲስ ሕንፃ ላይ ልትሠሪ ሄድሽ።

ትናንት መልእክትሽ ደረሰኝ። «ስዕል በደንብ የሚያነብልን አጣን። ያለፈው አለፈ፤ ነይ። ኮንትራክተሩን ይቅርታ ጠይቄ አግባባልሻለሁ» ትያለሽ። እኔ ዘንድ አላለፈም። ይቅርታውስ በየትኛው ጥፋቴ ነው?

አይቼ ዝም ያልኩት የራሴ ጥፋት ነው። እሱን እኔው በአፌ ለኮንትራክተሩም ለግራኟም እነግራቸዋለሁ፤ ልታግባቢልኝ አያስፈልግም። ሽቦውን የጠመዘዘው እጅ የማን እንደነበር ግን የምትነግሪው አንቺ ነሽ፤ እኔም እሷም ባለንበት፣ መሰላሉ ላይ ሆነሽ በተናገርሽበት ድምፅ። ከፈራሽላት አጠገቧ ቁሚላት፤ ማስተማሩ ያንቺ ነውና። ይህን ካደረግሽ በማግስቱ እመጣለሁ። ካላደረግሽ ስዕሉን ሌላ ሰው ያንብብላችሁ። ፒንሳሽን አልፈልግም፤ የራሴን ገዝቻለሁ። እጀታው አዲስ ስለሆነ መዳፌን ይቆረቁረኛል፤ ይለምዳል።

ሌላ ሰው የጠመዘዘውን ሽቦ ከእንግዲህ እንደ ጥፋቴ አድርጌ አልፈታም። «አንቺ ትችይዋለሽ» የሚለውንም ቃል፣ ካንቺ አፍ ቢወጣ እንኳ፣ ከእንግዲህ አልቀበልም።

ልጅሽ